የማሳጅ ማኅበር የነበረው ሙያ

በ1894 የብሪታንያ ሐኪሞች መጽሔት ለንደንን ያነጋገረ ጽሑፍ ይዞ ወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በከተማዋ «ማሳጅ» እያሉ ማስታወቂያ ከሚያወጡት ቤቶች ብዙዎቹ የሚሸጡት ገላ ነው የሚል ነበር። ቤቶቹ የፈለጉትን ይሁኑ፤ ዱላው ያረፈው ግን ምንም ባላጠፉ ሰዎች ላይ ነው። በሐኪም ትእዛዝ ከሆስፒታል ሆስፒታል፣ ከቤት ቤት እየዞሩ የደረቀ ጉልበት የሚያሹ፣ ከስብራት የዳነ እጅ የሚያፍታቱ ነርሶችና አዋላጆች ነበሩ። «ሥራሽ ምንድን ነው?» ለሚላቸው ሰው እውነቱን መናገር የሚያሳፍር ሆነባቸው።

በዚያው ዓመት ከእነዚህ ሴቶች አራቱ ማለትም ሉሲ ሮቢንሰን፣ ሮዛሊንድ ፓጀት፣ ኤሊዛቤት ማንሊና ማርጋሬት ፓልመር «የሠለጠኑ የማሳጅ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር» አቋቋሙ። ፓጀት በተለይ ቀላል ሰው አልነበረችም። በለንደን ሆስፒታል የተማረች ነርስና አዋላጅ ናት፤ የአዋላጆችን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ስለሆነች ማኅበር እንዴት እንደሚቋቋም፣ ደንብ እንዴት እንደሚወጣ፣ ከሐኪሞች ጋር እንዴት እንደሚኖር ጠንቅቃ ታውቃለች። አራቱ ሴቶች መጀመሪያ ያወጡት ደንብ ዛሬ ሲነበብ ከሕክምና ደንብ ይልቅ የገዳም ሥርዓት ይመስላል። አባሏ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማንንም አታሽም። ሐኪም ለይቶ ካላዘዘ በቀር ወንድ አትነካም። ከሕክምናና ከነርሶች መጽሔት ውጭ ማስታወቂያ አታወጣም። ለታካሚም መድኃኒት አትሸጥም።

ይህ ደንብ ውስጡ ውል አለው። ሐኪሞቹ ለእነዚህ ሴቶች ስማቸውን ይጠብቁላቸዋል፤ ሴቶቹም በምላሹ በሽታ አይለዩም፣ ከታዘዙት አይወጡም። በዘመኑ ይህ ብልህ ውል ነበር፤ ያለ እሱ ማኅበሩ ዓመት ላይከርምም ይችል ነበር። ችግሩ ውሉ ከዘመኑ በላይ መኖሩ ነው። ከዚህ ማኅበር ያደገው የፊዚዮቴራፒ ሙያ የመቶ ዓመት ታሪክ በአመዛኙ ከዚህ ውል ቀስ እያሉ የመውጣት ታሪክ ነው። አብሮትም አንድ ሌላ ሙግት ይጓዛል፦ የታመመ ገላ ይረፍ ወይስ ይንቀሳቀስ?

በዚህ ሁለተኛ ሙግት ከለንደኖቹ የሚቀድሙ ስዊድኖች አሉ። ፔር ሄንሪክ ሊንግ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የሰይፍ ጨዋታ አስተማሪ ነበር። ታሞ የነበረው ክንዱ በሰይፍ ልምምዱ ተሻለው ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ሰውነትን በእንቅስቃሴ ማከም የሕይወቱ ሥራ ሆነ። በ1813 ስቶክሆልም ላይ በንጉሡ ፈቃድ ማዕከላዊ የጂምናስቲክ ተቋም ከፈተ። ተቋሙ ወታደር ያሠለጥን ነበር፣ የትምህርት ቤት አስተማሪ ያወጣ ነበር፣ ከዚያም በተጨማሪ «የሕክምና ጂምናስቲክ» ያስተምር ነበር። በሦስተኛው ክፍል ታማሚው የራሱን ክንድ ወይም እግር ሲያንቀሳቅስ ባለሙያው በእጁ በልክ ይቃወመዋል፤ ጡንቻው በዚያ ይበረታል። ዛሬ በየፊዚዮቴራፒ ክፍሉ «ግፋ፣ እኔ ልያዝህ» የሚባለው ልምምድ ከዚያ የወረደ ነው።

የስቶክሆልሙ ተቋም ምሩቃን እንደ ለንደኖቹ ሴቶች አንገታቸውን የደፉ አልነበሩም። ብዙዎቹ የመኳንንት ልጆችና የጦር መኮንኖች ስለነበሩ ሐኪም ቢከራከራቸው ይከራከሩታል እንጂ እሺ ብለው አይወጡም። ስዊድን በ1887 ለሙያው ኦፊሴላዊ ምዝገባ ሰጠች፤ ለንደኖቹ ገና ስማቸውን ለማዳን ከመሰባሰባቸው 7 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ኋላ ግን የአጥንት ሐኪሞች እየበረቱ ሄዱና መኮንኖቹ ወጥተው ሙያው የሴቶችና የታዛዦች ሆነ። አንድ ሙያ ማን ይሠራዋል የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ነጻነት ይሰጠዋል የሚለውን ጥያቄ እንዴት እንደሚወስነው ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

የአጥንት ሐኪሞቹ እነማን ነበሩ ብንል፣ ለእኛ አገር አንባቢ የሚጥም ታሪክ እዚህ አለ። የእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና አባት ከሚባሉት አንዱ ሂዩ ኦወን ቶማስ የወጌሻ ልጅ ነበር። ዘሩ ከዌልስ አንግልሲ ደሴት ነው፤ የቤተሰቡ አባት ከሰጠመ መርከብ ተርፎ በዳርቻው የተገኘ ሕፃን ነበር ይባላል። ስብራትና ውልቃት መመለስ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሮ የሂዩ አባት ኢቫን ቶማስ ሊቨርፑል ገባ። የተማሩት ሐኪሞች ደጋግመው ፍርድ ቤት ገተሩት። ኢቫን በመልሱ 5 ወንዶች ልጆቹን ሁሉ ሕክምና አስተማረ። ሐኪሞች ራሳቸው ከወጌሻ የሚማሩት እንዳለ ያምኑ የነበሩም አሉ፤ በ1867 ሰር ጄምስ ፓጀት የተባለ ዝነኛ ቀዶ ሐኪም ወጌሾች ስለሚያድኗቸው ሕመሞች ለባልደረቦቹ ሌክቸር ሰጥቷል።

ሂዩ ቶማስ ግን ከአባቱ ሙያ ጋር አንድ ጽኑ እምነት ጨመረ፤ እረፍት። የታመመ መገጣጠሚያ ሙሉ በሙሉ፣ ለረጅም ጊዜ፣ ሳይቋረጥ፣ ታማሚው ባይፈልግም ማረፍ አለበት ይል ነበር። ለዚህም ከብረት የተሠራ፣ ከብሽሽት እስከ እግር ጫፍ የሚደርስ ማሰሪያ ፈጠረ። እሱ በ1891 ሲሞት ማሰሪያውን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሚስቱ ወንድም ልጅ ሮበርት ጆንስ ወደ ጦር ግንባር ወሰደው። ጭናቸው ተሰብሮ ከሚመጡ ቁስለኞች 10ሩ ላይ 8ቱ ገደማ ይሞቱ የነበረው፣ ማሰሪያው ከገባ በኋላ ሟቹ ከ8 ወደ 2 ገደማ እንደወረደ ይጠቀሳል። የእረፍት ሃይማኖት በአንድ ማሰሪያ ተረጋገጠ። ለተሰበረ ጭን እውነት ነበር፤ ለታመመ ወገብም እውነት ነው ተብሎ መወሰዱ ግን ሰባ ዓመት ያህል ዋጋ አስከፈለ።

ጦርነቱ የለንደኑን ማኅበርም ለወጠው። የቆሰለው ወታደር በመቶ ሺህ ይቆጠራል፤ እግሩ የዳነለት ሰው ጉልበቱ አይታጠፍም፣ ክንዱ የተረፈለት ሰው ጣቱ አይዘረጋም። የማሳጅ ባለሙያዎቹ በጦር ሆስፒታሎች ውስጥ ከእሽት በተጨማሪ የኤሌክትሪክ፣ የሙቅ ውሃና የልምምድ ሕክምና ይሰጡ ጀመር። ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ሠልጥነው እሽት የሚሠሩበት ትምህርት ቤትም ለንደን ላይ ሥራ ጀመረ፤ ለብዙዎቹ እስከ ዕድሜ ልክ እንጀራ ሆናቸው። ወንድ አትንኩ የሚለው ደንብ ለሺህ ወንድ ወታደር እንዴት ይሠራል? ዝም ብሎ ሞተ። በ1920 ማኅበሩ ከማንቸስተር አቻው ጋር ተዋህዶ የንጉሥ ቻርተር ተቀበለ፤ ወንዶችም አባል ሆኑ። በ1944 ደግሞ «ማሳጅ» የሚለውን ቃል ከስሙ አውጥቶ የፊዚዮቴራፒ ማኅበር ተባለ።

ከሊቨርፑል ሌላ መንገድ ወደ አሜሪካ ይሄዳል። ሜሪ ማክሚላን ማሳቹሴትስ ተወልዳ ሊቨርፑል ያደገች ሴት ናት፤ ከሮበርት ጆንስ ዘንድ ሠርታለች። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ጦሩ «የዳግም ማቋቋም ረዳቶች» የሚባሉ ሴቶች መመልመል ጀመረ። ማክሚላን በ1918 ዋሽንግተን ወደሚገኘው ወደ ዋልተር ሪድ ሆስፒታል ገባች፤ ኦሪገን ባለው ሪድ ኮሌጅም 200 ያህል ሴቶች አሠለጠነች። ጦርነቱ ሲያልቅ ረዳቶቹ ሊበተኑ ነበር። በጥር 1921 ግን ጥቂቶቹ ኒውዮርክ ማንሃተን ውስጥ ኪንስ በሚባል የጥብስ ቤት ተሰባስበው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ መሥራች አባላቱ 274 ነበሩ፣ ፕሬዚዳንቷም ማክሚላን ሆነች። በዚያው ዓመት ስለ ማሳጅና ስለ ሕክምናዊ ልምምድ የጻፈችው መጽሐፍ ታተመ። ኋላ ቤጂንግ ሄዳ አስተማረች፤ ጃፓን ፊሊፒንስን ስትይዝ ማኒላ ላይ ተይዛ በእስረኞች ካምፕ ቆየች። ከዚያም ተርፋ በ1959 ሞተች። የዚህ ሙያ ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ሥራቸው ይታወቃል፣ ስማቸው አይታወቅም።

ሙያው ሌላ ትልቅ ሠራዊት ያገኘው ከፖሊዮ ነው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ሐኪሞች ሽባ የሆነን ሕፃን እግር በጀሶና በማሰሪያ አጥብቀው ለወራት ያሳርፉት ነበር፤ አሁንም እረፍት። ይህን የተቃወመችው ከማንኛውም ማኅበር ውጭ የነበረች አውስትራሊያዊት፣ ኤሊዛቤት ኬኒ ናት። በነርስነት በመደበኛ ትምህርት ቤት አልተማረችም፤ «ሲስተር» የተባለችው በጦሩ ውስጥ በሰጠችው አገልግሎት ነው። ዘዴዋ ቀላል ነበር። የሱፍ ብርድ ልብስ ትቀድዳለች፣ በፈላ ውሃ ነክራ ውሃውን ጭምቅ አድርጋ ታወጣለች፣ ትኩስ ትኩሱን ሕመም በያዘው ጡንቻ ላይ ትጠቀልላለች፤ ጡንቻው ሲለሰልስ ልጁ ያንን እግር እንዲያስብና እንዲያንቀሳቅሰው ታስተምረዋለች። በአገሯ በክዊንስላንድ የተቋቋመው የሐኪሞች ኮሚሽን በ1938 ዘዴዋን አጣጣለው። በ1940 ወደ አሜሪካ ሄደች፤ ሚኒያፖሊስ ላይ የሚሰሟት ሐኪሞች አገኘች፣ በስሟም ተቋም ተከፈተ። ስለ በሽታው ምንነት የሰጠችው ማብራሪያ ስህተት ነበር። ጀሶውን ማውጣቷ ግን ትክክል ነበር። የተማሩት ማኅበራት ሊያደርጉት ያልደፈሩትን ሳትማር የመጣች ሴት አደረገችው፤ ለዚህም ይመስለኛል በሙያው መጻሕፍት ውስጥ እስከ ዛሬ ምስጋናዋ ከቆጣ ቆጣ ጋር የሚቀርበው።

በሴፕቴምበር 1951 የ11 አገሮች ማኅበራት ኮፐንሃገን ላይ ተገናኝተው የዓለም ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። ቀኑ ሴፕቴምበር 8 ስለሆነ የዓለም የፊዚዮቴራፒ ቀን በየዓመቱ በዚያ ይከበራል፤ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3 ይሆናል፣ የፈዋሹ የሩፋኤል ቀን፣ ሕፃናት በዝናብ የሚታጠቡበት። ኮፐንሃገን የነበሩት ሰዎች ይህን አያውቁም፤ የእኛ ባለሙያዎች ግን ቢጠቀሙበት አይከፋም።

ከዚያ በ1955 የሳልክ የፖሊዮ ክትባት ጸደቀና በሀብታሞቹ አገሮች የፖሊዮ ክፍሎች ባዶ መሆን ጀመሩ። አንድ ተቋም የተቋቋመበት በሽታ ሲጠፋበት ወይ ይዘጋል ወይ ሌላ ታማሚ ይፈልጋል። ፊዚዮቴራፒ ሌላ ታማሚ አገኘ፤ ወገቡን የሚያመው ሰው።

የወገብ ሕመምተኛው በዚያን ጊዜ አልጋ ላይ ነበር። በ1934 ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች ከአከርካሪ መካከል የወጣ ዲስክ ነርቭ ሊጫን እንደሚችል አሳዩ። ግኝቱ እውነት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እያንዳንዱ የወገብ ሕመም ዲስክ ሆነ። ዲስክ ከሆነ ደግሞ መጠንቀቅ፣ መተኛት፣ አለመጎንበስ። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴ ስድስት ሳምንት ጠንካራ ፍራሽ ላይ። ፊዚዮቴራፒስቱም በወረቀት የታዘዘለትን ሙቀትና እሽት እየሰጠ ይመለሳል፤ የመጠየቅ መብት የለውም፣ ውሉ አለ።

በ1956 ኒውዚላንድ ዌሊንግተን ውስጥ ሮቢን ማኬንዚ የሚባል ፊዚዮቴራፒስት አንድ ታካሚ ነበረው፤ በጽሑፎቹ «ሚስተር ስሚዝ» ይለዋል። ሰውየው ከወገቡ እስከ እግሩ የሚወርድ ሕመም ይዞት ለሳምንታት ሳይሻለው ሲመላለስ ቆይቷል። አንድ ቀን ማኬንዚ «ክፍሉ ግባና በሆድህ ተኛ» አለው። የአልጋው ራስጌ ከቀደመው ታካሚ ጀምሮ ከፍ ብሎ ቀርቶ ነበር። ሚስተር ስሚዝ እንደተባለው በሆዱ ተኛ፤ ወገቡ ወደ ኋላ ተቀልብሶ፣ በዘመኑ ትምህርት መሠረት አደገኛ በሚባል አኳኋን። ማኬንዚ ከአምስት ደቂቃ ያህል በኋላ ሲገባ ደነገጠ፤ ታካሚው ግን እግሬን ለቀቀኝ አለ። ማኬንዚ በማግስቱም ያንኑ አስደገመው፤ ሰውየው ዳነ። ሌላው ቢሆን አልጋውን አስተካክሎ ጉዳዩን ይረሳው ነበር። ማኬንዚ ግን እያንዳንዱን ታካሚ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ደጋግሞ እያንቀሳቀሰ ሕመሙ የት እንደሚሄድ መመዝገብ ጀመረ። ከእግር ተነሥቶ ወደ ወገብ የሚሰበሰብ ሕመም የመሻል ምልክት መሆኑን ያስተዋለው በዚህ መንገድ ነው። ከዚህም የሚበልጠው ታካሚው ልምምዱን ቤቱ ሆኖ በራሱ እንዲሠራው ማድረጉ ይመስለኛል።

አልጋውን በቁጥር የጣሉት ግን ሌሎች ናቸው። በ1986 ሪቻርድ ዴዮና ባልደረቦቹ 203 የወገብ ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍለው አንዱን ቡድን 2 ቀን፣ ሌላውን 7 ቀን ተኙ አሏቸው። ሁለት ቀን የታዘዙት ከሥራ የቀሩበት ቀን በ45 በመቶ ያነሰ ነበር፤ በሌላው ነገር ልዩነት አልታየም። በ1995 ፊንላንዶች ከዚያ አለፉ። የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞችን በሦስት መደቡ፦ የሚተኙ፣ የወገብ ልምምድ የሚሠሩ፣ ሕመሙ እስከፈቀደላቸው ድረስ የየዕለት ሥራቸውን የሚቀጥሉ። ቶሎ የተሻላቸው ሦስተኛዎቹ ሆኑ። ልምምድ ለሚያስተምር ሙያ ይህ ውጤት ጥቂት ያማል፤ ግን እውነት ነው፣ ሕመሙ ገና በጀመረ ሰሞን ከተለየ ልምምድ ይልቅ መኖርን መቀጠል ይበልጣል።

በመካከሉ በ1987 ጎርደን ዋደል የሚባል የግላስጎው የአጥንት ቀዶ ሐኪም የወገብ ሕመምን የሚያባብሰው የአጥንቱ ጉዳት ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱ፣ ሥራ ማቆሙና መተኛቱ ጭምር ነው ብሎ ጻፈ። ቀዶ ሐኪም ስለሆነ ሰሙት። አውስትራሊያ ውስጥ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት በ1997 ይህንኑ በቴሌቪዥን ለሕዝብ ማሠራጨት ጀመረ፤ የሕዝቡ አመለካከት ብቻ ሳይሆን የሐኪሞቹም ተለወጠ። እንቅስቃሴ ነው መድኃኒቱ የሚለው የሊንግ ቃል ከ180 ዓመት ገደማ በኋላ በሐኪም አፍ ተመለሰ።

ውሉም በዚሁ ዘመን ፈረሰ። የአውስትራሊያ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር ያለ ሐኪም ወረቀት ታካሚ አትቀበሉ የሚለውን የሥነ ምግባር ደንቡን በ1976 ሰረዘ፤ በቀጣዩ ዓመት የብሪታንያ ጤና ሚኒስቴር ፊዚዮቴራፒስቱ የሚያደርገውን ሕክምና ራሱ ይወስን ዘንድ በደብዳቤ ፈቀደ። አሜሪካ ላይ ነብራስካ በ1957 የጀመረችውን ያለ ሐኪም ወረቀት ታካሚ የመቀበል ፈቃድ ሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች አንድ በአንድ ተከትለው በ2015 ሁሉም ጨረሱ፤ አንዳንዶቹ አሁንም ቅድመ ሁኔታ አላቸው። በ2013 ደግሞ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ የብሪታንያ ፊዚዮቴራፒስቶች መድኃኒት የማዘዝ ፈቃድ አገኙ። መድኃኒት አንሸጥም ብለው ከፈረሙት አራት ሴቶች በ119 ዓመት ርቀት ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ድል ቢሆንም ሙያው የራሱ ጣዖት አልጠፋበትም። እኔ የምለው ማሽኑን ነው። ቀዝቃዛ ጄል ይቀባል፣ የአልትራሳውንድ ማሽኑ ራስ በወገብ ላይ ለአምስት ደቂቃ ይዞራል፣ ታካሚው ታከምኩ ብሎ ይወጣል። በ2001 የወጣ አንድ ግምገማ ለሕመምና ለጡንቻ ጉዳት የተደረጉ 35 ሙከራዎችን መርምሮ በዘዴያቸው የሚታመኑት 10 ብቻ ሆነው አገኘ፤ ከነዚያ ውስጥ በ8ቱ ማሽኑ ከተዘጋ ማሽን አልተሻለም። ማሽኑ ግን እስከ ዛሬ ከክፍሉ አልወጣም፤ ታካሚውም ማሽን ካልነካው ገንዘቡ በከንቱ የወጣ ይመስለዋል። ኤምአርአይም እንዲሁ ነው። በ2015 የታተመ ጥናት ምንም የማያማቸውን 3,110 ሰዎች ምስል ሰብስቦ፣ ገና በ20 ዓመታቸው 37 በመቶዎቹ፣ በ80 ዓመታቸው ደግሞ 96 በመቶዎቹ የዲስክ ማርጀት እንዳለባቸው አሳይቷል። «ዲስክህ ተበላሽቷል» ተብሎ በድንጋጤ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ይህን ቁጥር ቢያውቅ ኖሮ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። ላንሴት መጽሔት በ2018 በዓለም ላይ በአንድ ጊዜ 540 ሚሊዮን ሰው ወገቡን እንደሚያመው ሲጽፍ አብዛኛው የሚሰጠው ሕክምና የማይጠቅም ወይም የሚጎዳ መሆኑን አብሮ ጽፏል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ዘመናዊው ፊዚዮቴራፒ ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዱ አዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ነው። በ1965 የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ከማከም አልፎ ከአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። በሽታው ነርቭ ስለሚገድል የእጅ ጣቶች ይቆለመማሉ፣ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጋር መግጠም ያቅተዋል። ቀዶ ሐኪሙ ደህና ከቀረው ጡንቻ፣ ለምሳሌ የቀለበት ጣትን ከሚያጥፈው፣ ጅማት አንሥቶ ወደ አውራ ጣት ያዛውራል። ቀዶ ሕክምናው ግን የሥራው ግማሽ ነው። ጀሶው ሲወጣ አእምሮ ያ ጅማት አሁንም የቀለበት ጣት ይመስለዋል። ፊዚዮቴራፒስቱ እጁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «የቀለበት ጣትህን እጠፍ» ይለዋል፤ ታማሚው እንደለመደው ያስባል፣ የሚንቀሳቀሰው ግን አውራ ጣቱ ነው። ይህን በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለሳምንታት ይደግሙታል፤ በመጨረሻ ሰውየው ሳያስብ እርሳስ ይይዛል፣ ቁልፍ ይቆልፋል፣ እንጀራ ይቆርሳል።

በዲግሪ ደረጃ ፊዚዮቴራፒን በማስተማር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቀዳሚ ሆነ፤ ሌሎች ተከተሉት። ባለሙያዎቹም የራሳቸው ማኅበር አላቸው። ሆኖም አብዛኛው የገጠር ሰው ወለምታም ሆነ ስብራት ሲደርስበት መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው፤ በኳስ ሜዳም ቦርሳ ይዞ የሚሮጠው ሰው እስከ ዛሬ ወጌሻ ነው የሚባለው። ከሸምበቆና ከቀርከሃ የሚሠራው ማሰሪያ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደም ያቋርጣል፤ በየሆስፒታሉ እጅ ወይም እግር ከሚያስቆርጡ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ክልከላ ይህን አላቆመውም። በ2005 የታተመ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ጥናት ግን ወጌሾችን ለአንድ ቀን ሰብስቦ ማሠልጠን፣ የጣቶቹን ቀለምና ሙቀት እያዩ ማሰሪያውን እንዲያላሉ ማሳየት በዚህ ምክንያት የሚቆረጠውን አካል በግልጽ እንደቀነሰው አሳይቷል። ወጌሻው በሐኪሞች ሲከሰስ ከኖረበት ከሊቨርፑል መንገድ ይልቅ ይህ አጭር መንገድ ነው።

ያለ ሐኪም ወረቀት ታካሚ መቀበል ለእኛ ባለሙያ ከሌላው አገር የበለጠ ኃላፊነት አለው። ወገቤን አመመኝ ብሎ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ከነሕመሙ መራመድና ሥራውን አለማቆም ነው። ነገር ግን ፊዚዮቴራፒስቱ ይህን ከማለቱ በፊት የሚጠይቀው አለ፦ ሽንት መቆጣጠር አቃተህ ወይ? በሁለት ጭንህ መካከል ደነዘዘህ ወይ? ወድቀህ ነበር ወይ? ካንሰር ታክመህ ታውቃለህ ወይ? በግላስጎው ይህ ይበቃ ይሆናል። እዚህ ግን የአከርካሪ ቲቢ አለ፣ ከከብት የሚተላለፈው ብሩሴላ አለ። ስለዚህ ሌሊት ላብ ያጠምቅሃል ወይ፣ ከስተሃል ወይ፣ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ ወይ፣ ጥሬ ወተት ትጠጣለህ ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ከዚያም ሸሚዙን አስወልቆ ከአከርካሪው መካከል ጎላ ብሎ የወጣ አጥንት ካለ በጣቱ ይፈልጋል። ካገኘ ልምምዱ ይቆማል፣ ሰውየው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይላካል።